ያልታረደችው የፋሲካ ዶሮ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዶሮ ስገዛ ሻጩ እንደ ልማዱ ቢላውን አነሳ። በሕይወቷ እንደምወስዳት ስነግረው ሳቀና፣ «ለስንት ሰው ነው?» አለኝ። ለአንድ ማለት አፍሬ፣ «እንግዳ አለብኝ» ብዬ ዋሸሁ። መንገዱን ሙሉ የድሮ አከራዬን እትዬ ዘሀራን ሳስብ ሄድኩ።

የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ዓመት ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከጭልጋ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቼ፣ ነገ ዛሬ እመለሳለሁ ስል ድንበሩ ተዘጋ። ጓደኞቼ አንዱ ባሱንዳ፣ ሌላው ፋው ሥራ ፍለጋ ተበታትነዋል። እኔ እትዬ ዘሀራ ግቢ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። እሳቸው በድርቁ ዘመን በመተማ በኩል ገብተው፣ ባላቸውን እዚሁ ቀብረው፣ ልጃቸውን ፋው ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቁጡ ነበሩ። ሆሹን፣ ግቢውን ማለቴ ነው፣ ሳልጠርግ ከዋልኩ አማርኛውንም ዓረብኛውንም ቀላቅለው ያወርዱብኛል።

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው አተኮሰኝ፤ ሳሉም ተከተለ። ሰዓት እላፊ ታውጆ ከተማው ጭር ብሏል። ሞቱ ያን ያህል አላስፈራኝም። ያስፈራኝ፣ ሞቼ እናቴ ሳትሰማ ስትጠብቀኝ መኖሯ ነው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ዘሀራ በተከናነቡት ቶብ ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ርቀው ቆመዋል። ደጄ ላይ እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮና ቢላ አለ።

«የእኛን እርድ እንደማትበላ አውቃለሁ። በእጅህ እረዳት። ያን ሁሉ ጾመህ በዓሉን እንዲሁ አትውልም!»

ቢላውን ብይዘው ጉልበት አነሰኝ። ዶሮዋን ፈታኋት፤ አልጋዬ ሥር ገባች።

ከዚያ በኋላ ምግቤን ደጄ ላይ እያኖሩ፣ በየማለዳው ከበራቸው ሆነው ይጣሩ ነበር።

«ጌታነህ! አረድካት?»

«ዛሬም አልቻልኩም እትዬ።»

«እንግዲያው ነገ፣ ኢንሻአላህ።»

ጥያቄው ስለ ዶሮ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መልስ መስጠቴን ነበር የሚፈልጉት። ቀን ቀን፣ ያ የሚያዝያ ሐሩር ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ማሽላ እየበተንኩ ከዶሮዋ ጋር አወራለሁ። ስለ አገራችን ዝናብ እንኳ ነግሬያታለሁ። የሰማኝ ቢኖር አብዷል ባለ።

በሁለተኛው ሳምንት ዳንኩ። ጉልበቱ ሲመጣ ግን አንጀቱ ጠፋ፤ ዶሮዋ ሳትታረድ ሰነበተች። ለእሳቸውም ረመዳን ገባ።

አንድ ማለዳ የእትዬ ድምፅ ቀረ። በራቸው ሄጄ ተጣራሁ። «አትቅረብ!» አሉኝና ሳል አቋረጣቸው። ሦስት ቀን ሙሉ በውኃ ብቻ ነበር ያፈጠሩት።

«እትዬ፣ ካልበሉ እኮ አይነሱም።»

«ለብቻዬ ምን ብዬ ልብላ?»

ሮጬ ዶሮዋን ያዝኩ። ክንፏን ረግጬ፣ ቢላውን አንስቼ፣ «በስመ አብ» ብዬ ስጀምር ክው አልኩ። እኔ ያረድኩትን እንዴት ብለው ይበላሉ? እሳቸው የእኔን ሃይማኖት አስበው ቢላ ሲያቀብሉኝ፣ እኔ የእሳቸውን ልረሳው ጥቂት ቀረኝ። ዶሮዋን ታቅፌ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ሱዳናዊው ጎረቤታችን፣ ዓም ማለትም አጎት የምንላቸው ባቢከር፣ በጥምጣማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ወጡ። «ለሐጃ ዘሀራ ነው?» አሉና ወደ ቂብላ ዞረው፣ «ቢስሚላህ» ብለው አረዱልኝ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ፤ ለዶሮዋ ይሁን ለእትዬ እኔም አላውቅ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሾርባውን ደጃቸው ላይ አስቀምጬ ራቅሁ። በሩ ተከፈተ።

«ማን አረዳት?»

«ዓም ባቢከር።»

«ታዲያ አንተ አትቀምሳትም ማለት ነው።»

«እኔ ሽሮ አለኝ።»

«አምጣና በርህ ላይ ተቀመጥ። እያየሁህ ልብላ።»

እሳቸው በበራቸው፣ እኔ በበሬ፣ ሆሹን መሃል አድርገን በላን። ሲጎርሱ አያለሁ፤ ስጎርስ ያያሉ። ሲጨርሱ፣ እንዳምናቸው ብለው ሳህኑን ዘቅዝቀው አሳዩኝ።

እትዬ ዘሀራ ዳኑ። ኋላ የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ ያገኘኋቸው አንዴ ብቻ ነው። እኔ እዚሁ ገዳሪፍ፣ ሌላ ሰፈር፣ የተሻለ ቤት ውስጥ እኖራለሁ፤ የጎረቤቶቼን ስም ግን አላውቅም። እትዬ በጣም ይናፍቁኛል። ያን ጊዜ በሽታው አራርቆን፣ አዋጁ ከልክሎን፣ ሃይማኖታችን ሳህን ለይቶን፣ አብረን በላን። ዛሬ ከሰው ጋር እንዳልበላ የከለከለኝ የለም። ትናንት ራቴን የበላሁት ብቻዬን፣ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነው።