ደንቆሮ ያልናት እህቴ

ተይው፣ ያን ትሪ አትጣይው። ጎኑ መጎድጎዱን አይቻለሁ፤ ዓይኔ ገና ደህና ነው። አባቴ ነው በዘነዘና ደብድቦ ያጎደጎደው፣ የዚያችን በረንዳ ላይ የተቀመጠችውን ታናሽ እህቴን ጆሮ ሊፈትን ብሎ። አንቺ ያኔ የት ነበርሽ! አባትሽ፣ ወንድሜ፣ ገና ሚስት የሌለው ጎረምሳ ነበር።

ቤታችን አራዳ ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ የሚል ቤት። እህቴ አምስት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል አልወጣትም። በስሟ ስትጠራ ዞር አትልም። አንድ ቀን አባቴ ከኋላዋ ቆሞ ይህን ትሪ እንደ ነጋሪት ደበደበው። እኔ ጆሮዬን ይዤ ጮህሁ፤ ጎረቤት «ምነው፣ ምን መጣባችሁ?» እያለ ወጣ። እሷ እቴ! በመስኮት በገባው ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፈውን አቧራ ታያለች። አባቴ «ደንቆሮ ናት፣ በቃ» አለ። እናቴ ግን ለእመቤታችን ተሳለች፤ «የልጄን ድምፅ አሰሚኝ እንጂ ጥላ አስገባልሻለሁ» ብላ።

የሚያስፈራ ነገር ደግሞ ነበረባት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ድንገት ጆሮዋን ይዛ ትንዘፈዘፋለች። እኛ ምንም አንሰማም። ቆይቶ፣ ብዙ ቆይቶ፣ በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የአውሮፕላን ድምፅ ይመጣል። ደንቆሮ ከሆነች እንዴት ሰማች ብሎ የጠየቀ የለም። እናቴ «የያዛት ነገር ነው የሚነግራት» ትልና ታማትባለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ብቻዬን መዋል እፈራ ነበር። አሁን በቅርቡ ያያት ሐኪም ነው ያስረዳኝ፦ ጆሮዋ ከእኔና ካንቺ ይሻላል፤ ድምፅን የሚለየው አእምሮዋ ነው ከልጅነቷ ጀምሮ በሌላ መንገድ ያደገው። እኛ የምንሰማውን በወንፊት እንነፋለን፤ ለእሷ ግን ስሟም፣ ዝንቡም፣ ትሪውም እኩል ይገባሉ። ያኔ ይህን የሚነግረን ከየት ይምጣ!

ከዚያ የደርግ አፈሳ መጣ። አባትሽ ወረቀት በትኗል ተብሎ ሲፈለግ ጠፋ። የት እንዳለ እኔ አላውቅም። እናቴና አባቴ ሊንሾካሾኩ ሲሉ «ውጪ፣ ተጫወቺ» ይሉኛል። እሷን ግን ማን ያስወጣታል? ደንቆሮ አይደለች? እግራቸው ሥር አስቀምጠው ሁሉን ያወሩ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እህቴ ግድግዳውን እያየች አፏን ከፈተች።

«ኮሶዬ ገጠር ነው ያለው። አጎቱ ቤት፣ ከጎታው ኋላ ነው የሚተኛው። ለሰው ትንፍሽ እንዳትል።»

የልጅ ድምፅ አይደለም። የእናቴ ነው፤ ሹክሹክታው፣ መሐል ላይ ምራቅ የምትውጠው ሳይቀር። እናቴ ደግሞ ፊት ለፊቴ አፏን ዘግታ ተቀምጣለች!

እናቴ ቢላዋውን ጥላ ተነሣች። ስለቷ ሰምሯል፤ «እል—» ብላ ጀመረች። ከዚያ የተባለው ነገር ገባት። እልልታዋን ዋጠችው። ልጇን አቅፋ በነጠላዋ አፏን አፈነችው። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!» ትላለች፤ የትኛውን ልጇን እንደሆነ አላወቅሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። አሥር ዓመቴ ነበር። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። በሩ ሲንኳኳ እናቴ በዓይኗ ጓዳውን አሳየችኝ፤ እህቴን ጎትቼ ገባሁ። «ልጅሽን የት ደበቅሽው?» ሲላት ይሰማኛል። የእህቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ኮሶ—» ስትል አፏን በመዳፌ ከደንሁት። አልበቃኝም፤ ክንዷን እስኪበልዝ ቆነጠጥሁት። ጆሮዋ ላይ ተለጥፌ «ዝም በይ! ትገድይዋለሽ!» አልኋት። ደጋግሜ አልኋት። ትንፋሿ እጄን ያረጥበዋል። ሰዎቹ አልጋውን ገልብጠው፣ ሣጥኑን በርብረው ሄዱ። እጄን ባነሣ የለችም፤ ማለቴ አለች፣ ግን ከንፈሯ አይንቀሳቀስም።

አባትሽ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፣ እግዜር ይመስገን። መድረሱ ሲሰማ እናቴ ጥላውን አስገባች። ሴቶቹ «ሸጋ ጥላ ነው፤ የምን ስለት ነው?» ቢሏት «የልጄ» ብቻ አለች። ቤት ስንገባ እህቴን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «አሁን ተናገሪ፣ የኔ እናት፤ የፈለግሽውን ተናገሪ» ብላ ለመነቻት። ስትለምናት ኖረች። አንድ ቃል ሳትሰማ ሞተች።

መንግሥት ተለውጦ አባትሽ የተመለሰ ቀን በሩን አንኳኳ። እህቴ ያን ሁሉ ዓመት ዘግታ የኖረችውን አፏን ከፍታ «ዝም በይ! ትገድይዋለሽ!» አለች። በእኔ ድምፅ። በአሥር ዓመቷ ልጅ በእኔ። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ እሱኑ ትላለች፤ ዛሬ ስታንኳኪ ሰምተሽ የደነገጥሽው እሱን ነው፤ ከዚያ ሌላ ቃል የላትም። እኔ ሸምግያለሁ፣ ድምፄም ሻክሯል፤ ያቺ ልጅ ግን እህቴ አፍ ውስጥ እስካሁን ትንቀጠቀጣለች።

አባትሽ እሑድ እሑድ ሲመጣ «እሷን ደግሞ ማን ነው እንዲህ ያስፈራራት?» ይለኛል እየሣቀ። «እንጃ» እለዋለሁ። ምግቡን አቀርብለትና እሷ ዘንድ ሄጄ እቀመጣለሁ። ክንዷን፣ ያን የቆነጠጥሁትን ቦታ፣ አሸት አሸት እያደረግሁ በጆሮዋ እነግራታለሁ። «ድኗል እኮ፣ እህቴ» እላታለሁ። «አልገደልሽውም።»