ሐይቅ ላይ የተያዘ አልጋ

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አልጋ ከመያዛችን በፊት ባለቤቴን አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩት፤ ከውሃው ይራቅ። ትምህርት ሲዘጋ ሐይቁን ካላየሁ ብላ ልጃችን አስቸገረችን፣ እሺ አልኩ። ቀን ቀን እጇን ይዤ አሳያታለሁ። ማደሪያችን ግን ከተማው መሃል ይሁን። ምክንያቱን እሱም ያውቀዋል። ልጃችን በእንቅልፏ ተነስታ ትሄዳለች። ዓይኗ እንደተገለጠ፣ ምንም ሳታይ፣ በር ከፍታ ትወጣለች። ውጫሌ፣ ቤታችን፣ አንዴ ግቢው በር ላይ፣ ሌላ ጊዜ የጎረቤት በጎች ማደሪያ ደጃፍ ላይ ቆማ አግኝቻታለሁ። ስትነቃ አንዳች አታስታውስም።

እሱ ለአንድ ማደሪያ ደወለ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«አልጋችሁ የት ነው?» አለ።

«ሐይቅ ላይ» አለችው ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ።

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «ይኸው፣ ሐይቅ ላይ ነው። ከተማው።»

እኛ ከተማዋንም ውሃውንም ሐይቅ ነው የምንል። ሐይቅ ላይ ገበያ ዋልኩ ላለ ሰው ልብስህ አልረጠበም ወይ የሚለው የለም።

«ደግመህ ጠይቃት፤ የቱ ሐይቅ በላት» አልኩት።

«ሰው ይሳቅብኝ? ስንት ሐይቅ አለና!»

ሐይቅ ከተማ ከሚኒባስ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ለሹፌሩ የማደሪያውን ስም ነገርነው። ሱቆቹ አለፉ፣ ቤቱም እየሳሳ ሄደ።

«ወንድሜ፣ ከተማው አለፈን እኮ» አልኩት ሹፌሩን።

«ያላችሁኝ ቦታ ውሃው አፍ ላይ ነው እናቴ። ዋና ካልቻላችሁ እዚሁ ላውርዳችሁ?» ብሎ ሳቀ። ባለቤቴም አብሮት ሳቀ። ያ ሳቁ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

የክፍሉ በር የሚከፈተው ወደ ሣሩ ነው፤ ከሣሩ ቀጥሎ ቄጠማ፣ ከቄጠማው ቀጥሎ ውሃ። በሩን ዘግቼ መቀርቀሪያውን ብፈልግ የለም። የተነቀለበት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

«ወንበር አስጠጉበት» አለች የማደሪያው ባለቤት። «እዚህ ሌባ የለም፣ አብሽሪ።»

«የሚገባውን አይደለም የፈራሁት። የምትወጣዋን ነው» ብዬ የልጄን ነገር ነገርኳት።

«ወላሂ ጉድ ነው! ሰው ይህን ውሃ ብሎ ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል፣ አንቺ ትሸሺዋለሽ? አብሽሪ እህቴ!»

ባለቤቴን አየሁት። እሱ መስኮቱ ላይ ነው። «ገዳሙ ፊት ለፊታችን ነው እኮ! ጠዋት ማልጄ እስጢፋኖስን እሳለማለሁ። አንቺም አብሽሪ በቃ።»

«አንተ ትሳለማለህ። ሴት ከበሩ አታልፍ። እኔና እሷን ለማን ጥለኸን ነው የምትሄደው? ለወንበሩ?»

ወሎ ተወልዶ አብሽር የማይል የለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ለቅሶ ቤትም፣ የታመመ ሰው ራስጌም ያጽናናል። እኔም ለስንቱ ብያለሁ። የዚያን ቀን ግን አፍሽን ዝጊ የሚሉኝ መሰለኝ።

ሻንጣዬን አነሳሁ፣ የልጄን እጅ ያዝኩ፣ ወጣሁ። ልጅቱ ታለቅሳለች።

«ጠርሙስ ውስጥ አሳድጊያት!» አለችኝ ሴትዮዋ ከኋላዬ።

«አንቺ መጀመሪያ መቀርቀሪያ ግዢ!» አልኳት። እንዲያ ጮኼ የማውቅ ሰው አይደለሁም።

ባለቤቴ እያጉረመረመ ተከተለን። ከተማው ውስጥ መኪና መንገዱ ዳር አልጋ አገኘን። የከባድ መኪናው ጥሩምባ ያደነቁራል። በመስኮቱ የሚታየው ጎሚስታ ቤትና የጎማ ክምር ነው። በሩ ግን ብረት ነው፤ መቀርቀሪያውም ከልጄ ቁመት በላይ።

«ጎማ ሲለጠፍ ልናይ ነው የመጣነው?» አለኝ።

ወገግ ሲል ነቃሁ። ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል። ልጃችን ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ቆማለች፤ እጇ ወደ ላይ ተዘርግቶ መቀርቀሪያውን ይፈልጋል። አይደርስም። ትንጠራራለች፣ እንደገና ትፈልጋለች። ዓይኗ እንደተገለጠ ነው።

ሳላስደነግጣት በትከሻዋ ይዤ መለስኩና አስተኛኋት። እግሯ በረዶ ሆኗል።

ባለቤቴ ፊቱ አመድ መስሏል። ሊያጽናናኝ አፉን ከፈተ።

«አብ…» አለ።

«እስኪ ጨርሰው» አልኩት።

አልጨረሰውም። ገዳሙንም ሳይሳለም ዋለ። ውሃው ዳር ስንወርድ የልጃችንን አንድ እጅ እኔ፣ አንዱን እሱ ይዘናል። ለሁለት እንደያዝናት ወዲያ ወዲህ ስትጎትተን እሷ ትስቃለች። እኔ ግን ዓይኔን ከውሃው አላነሳሁም።