አሥራ አንደኛው አስተያየት

እንቁ ፈሪ ነበረች። ድሬዳዋ ስታድግም ፈሪ ነበረች። ጅቡቲ መጥታ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ለኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ደግሞ ፍርሃቷ ወደ ወረቀት ዞረ። የመኖሪያ ፈቃዷን በቀን ሦስት ጊዜ ከቦርሳዋ አውጥታ ታያለች። ፖሊስ ካየች መንገድ ትቀይራለች። በሕይወቷ አንድ ደፋር ነገር አደረገች ከተባለ፣ ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ በርቀት የትምህርት ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ መጀመሯ ነው።

አርብ አርብ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ ባለች ክፍል፣ በሰው ቤትና በምግብ ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ ሴቶች ማንበብ ታስተምራለች። ሰሌዳ የለም፤ የሚጻፈውም የሚነበበውም በየስልካቸው ላይ ነው። ሁሉም መጀመሪያ የሚማሩት የገዛ ስማቸውንና የሚሠሩበትን ቦታ ነው። ይህንንም ያመጣችው ከፍርሃቷ ነው። አድራሻዋን የማታውቅ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን ማን ያገኛታል?

የሴሚስተሩ የመጨረሻ ሥራ እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ክፍለ ጊዜ በቪዲዮ ቀርጾ ማውጣት፣ ከተመልካቾችም ቢያንስ አሥር አስተያየት መሰብሰብ። እንቁ ቀረጸች። ከሁሉም አጥርታ ያነበበችው ሎሚ የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች።

«ስሜ ሎሚ ነው። የምሠራው ካርቲየ ስድስት፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አሰፋሽ ምግብ ቤት ነው።»

«ጎበዝ! እስቲ አሁን ደግሞ ጮክ ብለሽ!» ይላል ከካሜራው ጀርባ የእንቁ ድምፅ። ሎሚም ጮክ ብላ ደገመችው።

እንቁ ቪዲዮውን የከተማው ኢትዮጵያውያን በሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፈችው። ጅቡቲ እሁድ የሥራ ቀን ነውና፣ እሁድ ቀትር ላይ ተማሪዎቿ ለእረፍት ሲወጡ፣ ስልኳን ከፍታ ቆጠረች። «እጅሽ ይባረክ።» «እኔም መመዝገብ እችላለሁ?» «ልጅቷ እንዴት ጎበዝ ናት!» አሥር ሞላ። ደስ ብሏት ወደ ታች ስታወርድ አሥራ አንደኛው መጣ።

«ይቺ የማዳም ሩቅያን ወርቅ ይዛ የጠፋችው አይደለችም እንዴ? ለሾፌሯ ልኬለታለሁ።»

አስተያየቱን ደግማ አነበበችው።

ሎሚ ወርቅ አልወሰደችም። ጋቦዴ በሚባል ሰፈር ሰባት ወር በር ተቆልፎባት ከሠራችበት ከማዳም ሩቅያ ቤት በጣሪያ ወርዳ ያመለጠች ልጅ ናት። እዚያ ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጣ የሰፈሩ እስር ቤት አጥር ይታያት ነበር። ሩቅያም በጣቷ እያመለከተች፣ «ከዚህ ቤት ብትወጪ የምትገቢው እዚያ ነው» ትላት ነበር። እንቁ ይህን ሁሉ ሰምታለች፤ ሰምታም አልቅሳለች። ቪዲዮውን ስትለጥፍ ግን አሥሩን አስተያየት እንጂ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ለዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ ለዶክተር ጀንበሬ ደውላ ስትነግረው ድምፁ የተሰላቸ ነበር። «ማስረከቢያው ዛሬ ነው፣ እንቁ። ካጠፋሽው ሴሚስተሩን ትደግሚያለሽ። ደግሞስ ሾፌሩ ካየው በኋላ ማጥፋቱ ምን ይጠቅማል?»

እውነቱን ነበር። እሷ ግን አጠፋችው። ወደ ሎሚ ደወለች፤ ስልኳ ዝግ ነው። «አሞኛል» ብላ ከትምህርት ቤት ወጣች።

አሰፋሽ ምግብ ቤት የደረሰችው በላብ ተነክራ ነው። ሎሚ ጓዳ ውስጥ ሳምቡሳ እየጠበሰች አገኘቻት።

«ውይ ቲቸር! ትምህርታችን አርብ አይደል እንዴ?»

እንቁ እየተንተባተበች ነገረቻት። ሎሚ ጭልፋውን አስቀመጠች። ከዚያ በቀስታ፣ «ጮክ በይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ጎበዝ ስላልሽኝ ደስ ብሎኝ...»

የቤቱ ባለቤት አሰፋሽ ከፊት ለፊት በኩል ገባች። ጅቡቲ ሃያ ዓመት የኖረች፣ ስትናገር ሰፈር የሚሰማት ሴት ናት፤ አሁን ግን ታንሾካሹካለች። «ነጭ መኪና ቆሟል። ሰውየው ስልኩን ይዞ በር በሩን ያያል። ሎሚ፣ በጓሮ ውጪ! አንቺ ደግሞ፣ የኔ ምሁር፣ ሽርጥ ልበሺና ጥበሺ። ምድጃው ላይ ሰው ከሌለ የት ሄደች ይላል።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እንቁ ሽርጡን አሰረች። ሎሚ የወጣችበት የጓሮ በር ገና ከመዘጋቱ የማዳም ሩቅያ ሾፌር ሙሚን አንድ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ጓዳው ደፍ ላይ ቆመ።

«ሎሚ የታለች?» አለ በተሰባበረ አማርኛ።

«ሎሚ ከፈለግህ ገበያ ሂድ» አለችው አሰፋሽ።

አልሳቀም። ስልኩን አወጣና አንድ ጊዜ ስክሪኑን፣ አንድ ጊዜ እንቁን እያየ ተጠጋ። ቪዲዮውን ቀድሞ አስቀምጦታል። ነካ ሲያደርገው የእንቁ የገዛ ድምፅ በጓዳው ውስጥ ጮኸ።

«ጎበዝ! እስቲ አሁን ደግሞ ጮክ ብለሽ!»

እንቁ ያኔ ነው የገባት። ፊቷ ቪዲዮው ላይ የለም፤ ድምፅዋ ግን አለ። አንድ ቃል ከተናገረች አስተማሪዋ እሷ እንደሆነች ያውቃል፤ እሷን ከያዘ ደግሞ ሎሚን ይይዛል።

«ስምሽ ማነው?»

እንቁ ሳምቡሳውን ገለበጠች። ዘይቱ ተፈናጥሮ ክንዷን ሲልጣት እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

«አትልፋ፣ ዱዳ ናት» አለች አሰፋሽ። ከዚያ በሶማልኛ ረዘም ያለ ነገር አዘነበችበት። እንቁ ስድብ ይሁን ልመና አልለየችውም። ሙሚን ሽንት ቤቱን ከፍቶ አየ፤ የማድጋውን ክዳን ሳይቀር አነሳ። ከዚያ የጓሮውን በር ገፋ። መንገዱ ባዶ ነው፤ በዚያ ሙቀት ድመት እንኳ አይታይበትም።

«ነገ በፖሊስ» አለና ወጣ።

መኪናው ከራቀ በኋላ እንቁ በጓሮው በር ሮጣ ወጣች። በሁለቱም በኩል የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ሎሚ የወጣችው በነጠላ ጫማ ነው፤ ቦርሳዋም ስልኳም ጓዳው ውስጥ ቀርተዋል። በየትኛው በኩል እንደሄደች የሚነግር ሰው የለም። እንቁ ልትጣራ አፏን ከፈተች። የሎሚ ስም አፏ ላይ መጣ፤ የሚሰማው ማን እንደሆነ ስለማታውቅ መልሳ ዋጠችው።