ፒንሳው ሲቆም ተረቱ ይቆማል

ልጅ ሳለሁ ተረት እንዲሁ በነጻ የሚሰጥ ነገር አይመስለኝም ነበር፤ ዋጋው የጣት ድካም ነበር። ያኔ አሰንዳቦ ውስጥ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ በጎረቤታችን በአባ ኦሊ ጓሮ ፍም ላይ በቆሎ እየተንጣጣ፣ ፋኖሱ ከአቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ በቀኝ እጄ ፒንሳ እጨብጣለሁ፣ እለቃለሁ። ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ሲጥ ሲጥ እስካለ ድረስ ተረቱ ይቀጥላል። እጄን ካሳረፍኩ አባ ኦሊ አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ።

«ሜ፣ ኢንታላ ኮ!» ይሉኛል፤ እስቲ ልጄ ማለታቸው ነው። «ፒንሳው ሲቆም ተረቱም ይቆማል።»

አባ ኦሊ የግድቡ ውሃ ሳይሞላ በፊት ገበሬ፣ ከሞላ በኋላ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ከትልቅ ሰው ጋር ቶሎ የሚጣሉ፣ ከልጅ ጋር ግን እንደ ልጅ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። አባቴ በግብርና ሥራ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ነው፤ እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም። በዓል ሲሆን ሥጋችን ከሥጋቸው አይገናኝም፤ እነሱ ከእኛ አይበሉም፣ እኛም ከእነሱ። ዓሣ ግን ሌላ ነው። «ዓሣ ባራኪ አይጠይቅም፣ ሂጂ ብዪ» ትለኝ ነበር እናቴ። ስለዚህ ከአባ ኦሊ ጋር ከአንድ ትሪ የበላሁት ዓሣ ብቻ ነው፤ የሚያጠምዱበት ቦታ ድረስ ተከትያቸው መሄድ የጀመርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ቁጭ በይ ያሉኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ክሩን ለመወርወር እጃቸውን ወደ ኋላ ሲሰዱ መንጠቆው የቀኝ እጄን ሌባ ጣት መገጣጠሚያው ላይ ወጋው። መንጠቆ ሲገባ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ እሾህ ሥጋ ነክሳ አትለቅም። አባ ኦሊ ደግሞ ከዓሣ አፍ መንጠቆ በጣታቸው እየጠመዘዙ የሚያወጡ ሰው ነበሩ፤ ፒንሳ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በጥርሳቸው ነክሰው አወጡት። ጩኸቴ ውሃውን ተሻግሮ ማዶ ተሰማ። ከዚያ አዝለውኝ ጤና ጣቢያ ድረስ ሲሮጡ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ነርሷ ጣቴን አክማ ካሰረችው በኋላ እሳቸውን ወደ ጎን ጠርታ ረጅም ነገር አወራቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ የሰጠችኝን ከረሜላ እየመጠጥኩ ነበር።

እናቴ «አደጋ ነው፣ ምን ይደረግ፤ እንኳን ዓይኗን አልሆነ» ብላ ተወችው። ቁስሉም ዳነ። ጣቴ ግን እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ። አባ ኦሊ ከዚያ ወዲህ ሲያናግሩኝ ፊቴን እንጂ እጄን አያዩም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እናቴን አስፈቅደው በሚኒባስ ጅማ ወሰዱኝ፤ ሄርማታ ገበያ፣ ፒንሳ ልንገዛ። አባ ኦሊ የቀረበላቸውን ፒንሳ ሁሉ አልገዛም ብለው ባለሱቁን ቁም ስቅሉን አሳዩት። ከፌስታላቸው የአምባዛ ጭንቅላት አወጡና የፒንሳውን አፍ ሁሉ በዓሣው አፍ እየሰደዱ ጉሮሮው ድረስ ይደርስ እንደሆነ ይለኩ ጀመር።

«ኧረ አባቴ! ሱቄን እኮ ዓሣ ዓሣ አሸተቱት!» አለ ባለሱቁ። ወፍራምና ከባድ የሆነውን አነሳላቸው። «ይሄን ይውሰዱ፣ ሚስማር ይቆርጣል።»

«ዓሣ ሚስማር አይውጥም» አሉት።

አፉ ረጅምና ቀጭን የሆነውን ከመረጡ በኋላም አልጨረሱም። ከዚያው ዓይነት አንድ በአንድ እያነሱ ለእኔ ይሰጡኛል። «ጨብጪ። ልቀቂ። ይሄስ?» በመጨረሻ በሁለቱ እጀታዎች መካከል ሞላ ያለውን፣ ጨብጠው ሲለቁት ተመልሶ ራሱን የሚከፍተውን ወሰዱ። በገዛ እጃቸው አንዴም አልሞከሩትም። ያኔ ይህ አልገረመኝም፤ እኔ ሆዴ የሳምቡሳው ቤት ጋ ነበር።

የፒንሳው ጨዋታ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ተረቱም አንድ ነበር፤ ማብቂያ ግን አልነበረውም። «ዱሪ ዱሪ» ብለው በኦሮምኛ ይጀምሩና ለእኔ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ድሮ ድሮ ጉሬዛና አምባዛ ወዳጆች ነበሩ። ያኔ ጉሬዛ እንደ ሰው አውራ ጣት ነበረው። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ሲጫወቱ አምባዛ ሳያስበው የጉሬዛን አውራ ጣት ቀረጠፈው። ጉሬዛ እስከ ዛሬ አውራ ጣት የሌለው ለዚህ ነው፤ አምባዛም ከኀፍረቱ የተነሳ ጢሙን አንጠልጥሎ ጭቃ ውስጥ ተደብቆ የቀረው ለዚሁ ነው። ከዚያ አምባዛ በየምሽቱ ካሣ ይዞ ይመጣል። አንዱን ምሽት ውሃ ላይ የወደቀ ሾላ፣ ሌላውን ምሽት ከወንዙ ሆድ የቀዳውን የጨረቃ ብርሃን ያመጣል። ፍሙ ከስሎ አመድ ሲለብስ አባ ኦሊ ወደ እኔ ዘወር ይላሉ።

«እህ፣ ጉሬዛ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

«እንግዲያ ነገ» ይላሉ፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ።

እኔ ግን ጣቴን ሲያመኝ ጊዜ ለእናቴ ከሰስኳቸው። «አዲሱን ፒንሳ በእኔ እጅ ነው የሚያፍታቱት» አልኳት። እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች። መንገድ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ያዘቻቸው። «ምነው አባ ኦሊ! ያቆሰሉት አልበቃ ብሎዎት የልጄን እጅ ለፒንሳዎ ማፍታቻ ያደርጉታል? ነውር አይደለም እንዴ?» እኒያ ከሰው ሁሉ የሚጣሉ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልክ ነሽ ልጄ፣ ነውር ነው» አሏት። እኔ ከቀሚሷ ኋላ ሆኜ አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ግን ተረቱ ጎተተኝ፣ ሄድኩ። ፒንሳውን አቀበሉኝ፤ እኔም ጨበጥኩ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። በኋላ አባቴ ሲቀየር ከአሰንዳቦ ወጣን፣ ጣቴ ደርቆ እንደነበረም ረሳሁት።

ዛሬ ጅማ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዓሣ ማጥመድ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ለዚሁ የሚሆን ፒንሳ ፍለጋ ሄርማታ ወረድኩ። ሻጩ ወጣት ነው። «እቺ ኦሪጅናል ናት እህቴ፣ ብረት ትቆርጣለች» አለኝ።

«ዓሣ ብረት አይውጥም» አልኩት፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የታወቀኝ።

እየሳቀ ሞላ ያለውን ሰጠኝ። ጨበጥኩት። ሲጥ አለ። ሌባ ጣቴ እጀታው ላይ እጥፍ ብሎ ተቀመጠ። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ይህ ጣት እኮ አይታጠፍም ነበር! ነርሷ ወደ ጎን ጠርታ ምን እንዳለቻቸው፣ ሄርማታ ላይ ለምን በእኔ እጅ ብቻ እንዳስሞከሩ፣ ማብቂያ የሌለው ተረት ለምን እንዳስፈለገ፣ ሁሉም እዚያ ሱቅ ውስጥ አንድ ላይ ገባኝ። ከዚያ ያ አንገት መድፋታቸው ትዝ አለኝና እፍረት ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሻጩ «ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና አልነበርኩም።

ያንኑ ፒንሳ ይዤ አሰንዳቦ ሄድኩ። አባ ኦሊ ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቆ፣ ከደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ድምፄን ሰምተው ነው ያወቁኝ። ፒንሳውን ቀኝ መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው በግራ እጃቸው ሞላውን ዳበሱ።

«ከእንግዲህ ማን ሊያጠምድበት?»

«ሜ፣ አባ ኦሊ፣ ይጨብጡ» አልኳቸው። «ዱሪ ዱሪ፣ ጉሬዛና አምባዛ ወዳጆች ነበሩ…»

በጭንቅ ጨበጡ፤ ሲጥ አለ። እጃቸው ሲቆም እኔም ዝም አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና በቀረው ጥርሳቸው ሳቁ። «አይ አንቺ! አሁን ነው የገባሽ?»

«ለእማዬ ለምን አልነገሯትም?»

«ያቆሰለ ሰው ሐኪም ነኝ ይላል እንዴ?» አሉ፣ ሳቃቸው ጠፍቶ። ተረቱን ቀጠልኩ፣ እሳቸውም ጨበጡ። ሾላውም መጣ፣ የጨረቃው ብርሃንም መጣ። ድሮ ያቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ስደርስ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ። «ጉሬዛ ምን አለ?»

«አፉ ብያለሁ አለ» አልኳቸው። እነሱ ይቅር የሚባባሉበት ቃል ነው።

ፒንሳው ቆመ። ዓይናቸውን በግራ እጃቸው ጠረጉና ወደ ውሃው በኩል ዘወር አሉ። እኔ ግን አልቀለለኝም፤ ካሣ የሚገባቸው እሳቸው መሆናቸውን ከጅማ ስነሳ ጀምሮ አውቄው ነበር። «እርስዎስ አባ ኦሊ፣ ያን ቀን ለእማዬ ከስሼዎት መንገድ ላይ ስለሆነው ነገር… አፉ ይሉኛል?»

ፒንሳውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ እንደ ድሮው በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

«እንግዲያ ነገ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በቻልኩ ቁጥር እሄዳለሁ። ቀኝ እጃቸው አሁን ኩባያ መያዝ ጀምሯል። እኔም በሄድኩ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ነገ ይሉኛል። የሚያስቀሩብኝ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መልሱን ከሰጡኝ ተረቱ ያልቃላ።