አጀንዳ፦ ባንዱ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም

በደርግ ዘመን ሲኒማ ራስ አጠገብ ካሴት እየቀዳሁ እሸጥ ነበር። ሱቅ እላታለሁ እንጂ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ውስጧ ሁለት ቴፖች፣ አንድ ወንበርና እኔ ነበርን። የግራው ቴፕ ያጫውታል፣ የቀኙ ይቀዳል፣ እኔ ደግሞ በጆሮዬ እኮራለሁ። «ጥራት ያለው ቅጂ ከፈለግህ እሱ ጋ ሂድ» የሚል ደንበኛ አላጣሁምና ኩራቴ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ግን ትንሽ በዝቶ ነበር።

ከፊት ለፊቴ ባለው በረንዳ ላይ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ይሠሩ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ሁለቱንም ጋሼ እላቸዋለሁ። አንደኛው ቆራጭ ነበር፤ ረዥም፣ ቁጡ፣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጠመኔ ጠፋብኝ እያለ የሚያምስ ሰው። ሁለተኛው በስፌት መኪናው ላይ የሚቀመጠው ነው፤ ድንቡሽ ያለ፣ ሳቂታ፣ ቆራጩ በተቆጣ ቁጥር የበለጠ የሚስቅ። ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት በአንድ ክፍልና በአንድ ጠረጴዛ አብረው ኖረዋል። ቴፓቸውም አንድ ነበር።

ይህ ቴፕ ለጌጥ የተቀመጠ አልነበረም። ሰፊው ያለ ሙዚቃ አይሰፋም። የመኪናውን ፔዳል የሚረግጠው በዘፈኑ ምት ነው፤ ከበሮው ሲመታ እግሩም ይመታል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ መኪናውም ይቆማል። ካሴቱ እስኪገለበጥ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ቸኳይ ደንበኛ የመጣ ዕለት ቆራጩ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ «ፈጠን ያለ ነገር ላክልን!» ብሎ ይጮህብኛል፤ እኔም መንገዱን ተሻግሬ አቀብላለሁ። የሰውን ሱሪ ለበዓል ማድረስና አለማድረስ በከፊል በእኔ እጅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሦስታችንም የአንድ ባንድ ወዳጆች ነበርን። አራተኛችን በአንዋር መስጊድ በኩል ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ሐጂ ነበሩ። ለሁለቱ ሰፊዎች ገበርና ክር የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። አርብ አርብ ሱቃቸውን ለጁምዓ ይዘጉና ከሶላት በኋላ ወደ እኛ በረንዳ ይመጣሉ። ባንዱ የሚጫወተው በአንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ከአራታችን አንዳችንም ግን ደጁን ረግጠን አናውቅም። በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ የገባ ሰው ሲነጋ ነው የሚወጣው። ሌሊቱን የት እንዳደሩ ለሚስቶቻቸው የማስረዳት ወኔ ሦስቱም አልነበራቸውም፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን መሄድ አልፈለግሁም። ስለዚህ ባንዱን የምናውቀው በካሴት ብቻ ነው። ካሴቱን ሁሉ የቀዳሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ታዲያ የባንዱ አዲስ ካሴት መጣ። ሁለቱ ትራምፔቶች የሉም። በቦታቸው ኦርጋን ገብቷል። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ዘፈኖቹ ሁሉ የሚያሯሩጡ ሆነዋል፣ የዘፋኙም ድምፅ ቀጥኗል። ያ በአሮጌው ካሴት ላይ ወፍራምና ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል አላምጦ የሚያወጣ ሰው አሁን አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚጣደፍ ይመስላል።

ቆራጩ እስከ መጨረሻው ሰማና መቀሱን አስቀመጠ። «ባንዱ ተበላሽቷል» አለ።

ሰፊው እየሳቀ «አልተበላሸም፤ ነቃ እንጂ» አለ።

ክርክሩ በዚህ ተጀመረ። የምንከራከረውም እንደ ማንም አልነበረም። ሁላችንም በየቀበሌያችን ስብሰባ ተቀምጠን የኖርን ሰዎች ስለሆንን የንግግር ሥርዓት እዚያው ተምረናል። ሐጂ ሰብሳቢ ሆኑ። በየአርቡ በገበር ጥቅል ላይ ተቀምጠው አጀንዳውን ያስታውቃሉ፤ አጀንዳው ሁልጊዜ አንድ ነው። ቆራጩ እጁን ያወጣል፤ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!» ይላል፤ ቀጥሎ የሚናገረው ግን ከሥነ ሥርዓት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ባንዱን ከመስመሩ ወጣ ለማለት ከላሽ ይለዋል። ሰፊው ደግሞ ትራምፔት የሚናፍቅ ሁሉ አድኃሪ ነው ብሎ ይመልሳል። ሐጂ ሁለቱንም «ጊዜ ቆጥቡ» ይሏቸውና እሳቸው ግማሽ ሰዓት ይናገራሉ። ሌላ ነገር ላይ እንደ ልብ መከራከር በማይቻልበት ዘመን በባንድ ላይ መከራከር ነፍስ ይዘራል። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ አርብን የምወደው ለዚህ ነበር።

አንድ ጊዜ በክርክሩ መሀል ከባንዱ አሮጌ ዘፈኖች አንዱ በሬዲዮ ተለቀቀ። እውነትም ዘፈኑ ይፈጥናል፤ እኛ ከምናውቀው ይፈጥናል። ሰፊው «ይኸው! አሮጌውም ፈጣን ነበር!» ብሎ ዘለለ። ቆራጩ ግን መልስ አላጣም። «ዜናው ስለደረሰባቸው እያጣደፉ ነው የሚያጫውቱት» አለ። ሐጂ ነገሩን አሰላስለው አጸደቁት። እኔም፣ ያ ባለ ጆሮው፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

እውነቱን ያወቅሁት በአንድ ማክሰኞ ነው። አንድ ደንበኛ አሮጌውን ካሴት ቴፕ በልቶበት ኖሮ እንደገና እንድቀዳለት መጣ። ሁልጊዜ የምቀዳበትን ዋናውን ካሴት ግራው ቴፕ ውስጥ ከትቼ ተጫንኩት። ዘፈኑ ፈጠነ። የዘፋኙ ድምፅ ቀጠነ። አውጥቼ አየሁት፤ ያው ካሴት ነው። መልሼ ከተትኩት፤ ያው ፈጠነ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አዲሱ ካሴት ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የግራው ቴፕ ካሴት ማዞሪያ ላስቲክ ተበጥሶ ሬዲዮ ጠጋኙ አዲስ ቀይሮልኝ ነበር። አሮጌው ላስቲክ እስኪበጠስ ድረስ ስንት ዓመት ላልቶ እንደኖረ እግዜር ይወቀው። ላስቲክ ሲላላ ቴፑ ይጎተታል፤ ቴፑ ሲጎተት ዘፈኑ ይዘገያል፣ ድምፁም ይወፍራል፤ የቀኙም ቴፕ ያንኑ ይቀዳል።

ቁጭ አልኩ። ያ ቆራጩ የሚያለቅስለት ወፍራም ድምፅ የዘፋኙ አልነበረም። የእኔ ላስቲክ ነበር። ትራምፔቶቹ በርግጥ ሄደዋል፣ ኦርጋኑም በርግጥ መጥቷል፤ የጥድፊያውና የቅጥነቱ ነገር ግን ከእኔ ክፍል የወጣ ጣጣ ነው። ሬዲዮው ትክክል ነበር። ዜናውም ማንንም አላስቸኮለም።

መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጥራት ያለው ቅጂ ከእሱ ጋ ነው የተባለልኝ ሰውዬ ለዓመታት የመርካቶን ሰው በዝግታ ሳስጨፍር ኖርኩ ብዬ እንዴት አፌን እከፍታለሁ? አፈርኩ። ክርክሩም ጨዋታ ነው፣ ማንንም አይጎዳም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ግን ጎዳ። ሁለቱ ሰፊዎች ለሰላም ሲሉ አንድ ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር፤ እስከ ምሳ አሮጌው ካሴት፣ ከምሳ በኋላ አዲሱ። አንድ የቀበሌ ሹም የካኪ ሱሪ አዘዘ። የሱሪው ግራ እግር ጠዋት ተሰፋ፣ ቀኝ እግሩ ከሰዓት በኋላ። ሰውየው ለብሶት ሲቆም የግራው ስፌት ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ የቀኙ ከጉልበት በታች ተጠማዝዞ ወደ ውስጥ ሄዷል። ሹሙ ራሱን ጎንበስ ብሎ ቢያይ አንድ እግሩ ወደ ስብሰባ ሌላው ወደ ቤት የሚሄድ መሰለው። ጮኾ ሄደ።

ቆራጩ «ይህን ያደረገው ኦርጋኑ ነው!» አለ።

«ኦርጋኑ ሳይሆን መቀስህ ነው። አጣምመህ ቆርጠህ ነው!»

ሰፊው ይህን ሲናገር አልሳቀም። ቆራጩን መቀሱ ጠማማ ነው ማለት እንደ ምን ያለ ስድብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ቆራጩ የቆረጠውን ጨርቅ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ያስላል፤ ሰፊው ሳሉን ሰምቶ ያነሳል። ቴፑ ተዘግቶ ዋለ፣ መኪናው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንድ አርብ ስብሰባ ሳይደረግ አለፈ፤ ሌላም አርብ። በሦስተኛው ሳምንት ሰፊው ወደ እኔ መጣና ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ በረንዳ አግኝቷል፣ አርብ መኪናውን ያወጣል።

ስንት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በእኔ ላስቲክ ሊለያዩ ነው።

አርብ ደረሰ። ተሸካሚው ገመዱን ይዞ መጣ። የስፌት መኪናውን ጭንቅላት ከእግሩ ነቅሎ ትከሻው ላይ አወጣ። ቆራጩ ጀርባውን ሰጥቶ በሌለ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ያሰምራል። ሐጂ ከሶላት ሲመጡ ይህን አዩና እግራቸውን በረንዳው ላይ ተክለው ቆሙ። «ኧረ ተዉ፣ ቢያንስ ተሰነባበቱ» አሉ።

መንገዱን ተሻገርኩ። አንድ እጄ ቴፑን፣ ሌላው እጄ ሁለት ካሴት ይዟል። እጄን ላወጣ አልቻልኩምና ጮኽኩ። «ግለ ሂስ አለኝ!»

ሐጂ ከልምድ የተነሳ «ቀጥል» አሉኝ።

ስለ ላስቲኩ ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ አሮጌውን ዘፈን ሁለት ጊዜ አጫወትኩ፤ መጀመሪያ በላላው ላስቲክ የቀዳሁትን፣ ቀጥሎ በአዲሱ። ሁለተኛው ልክ እንደ ሬዲዮው ነበር። ዘፋኙም ያው ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ነበር፤ ከመጀመሪያውም።

ቆራጩ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የመጀመሪያውን ድገመው» አለ። ደገምኩት። እስኪያልቅ ድረስ መሬት መሬት እያየ ሰማ። «እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስወድ የኖርኩት ላስቲክ ነው?» አለ። ድምፁ ሰለለ።

የመለሰለት ሰፊው ነው። «ላስቲክም ይሁን» አለ። «እግሬ የሚያውቀው እሱን ነው። በአዲሱ ካሴት ምቱ ጠፍቶብኝ ነው ስፌቱ የተጠማዘዘው። መቀስህ ደህና ነበር።»

በሦስት ሳምንት ውስጥ ለቆራጩ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ቆራጩ ወደ ተሸካሚው ዞረና «አንተ ደግሞ ምን ተሸክመህ ትገተራለህ? አውርደው እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። ተሸካሚው ወደ ሰፊው አየ። ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ወረደ።

ከዚያ ሁለቱም ባንድነት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ግን!» አለ ቆራጩ።

«ባለ ጆሮው!» አለ ሰፊው፤ ሳቁ ተመልሶለታል።

የወረደብኝን ሂስ እዚህ አልዘረዝረውም። ሐጂ በመጨረሻ ውሳኔ ሰጡ፤ ቅጣቱን ሁለቱ ሰፊዎች ራሳቸው እንዲያዘጋጁት። በሚቀጥለው አርብ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሱሪ ሰጡኝ። ፈታሁት። የግራ እግሩ የድሮ ፋሽን ቤልቦተም ነው፣ ጫማ ይውጣል። የቀኝ እግሩ አዲሱ ፋሽን ነው፣ እግሬን በግድ ነው የሚያስገባው። ይህን ለብሼ ሰው ከጁምዓ ሲወጣ ከሲኒማ ራስ እስከ አንዋር መስጊድ ሄጄ እንድመለስ ተፈረደብኝ።

ሄድኩ። መንገዱ በሰው ሞልቷል። ግራ እግሬ አቧራ እየጠረገ፣ ቀኝ እግሬ እያነከሰ ሄድኩ። ተሸካሚዎች ሸክማቸውን አውርደው ሳቁብኝ። አንዱ «ወንድም፣ ሌላኛው ግማሽህ የት ቀረ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስመለስ ሐጂ ከመስጊድ ወጥተው ከኋላዬ ርቀው እየተከተሉ ለማያውቀው ሁሉ ጥፋቴን ያስረዱ ነበር።

ተመልሼ ሱቄ ውስጥ ሱሪውን አወለቅሁና ገልብጬ ስፌቱን መረመርኩ። አንድ የተጣመመ ነገር ባገኝበት አፋቸውን ላስይዛቸው ፈልጌ ነው። አላገኘሁም። የግራውም የቀኙም ስፌት በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ወርዷል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ስፌት አላየሁም። የራሴን ሱሪ መልሼ ለብሼ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ጋሼ፣ ይህን ሲሰፉ የትኛውን ካሴት ከፍተው ነው?» ብዬ ሰፊውን ጠየቅሁት።

«የትኛውንም። ቴፑን ዘግተን ነው።»

«እርስዎ? ያለ ሙዚቃ?»

ሰፊው ወደ ቆራጩ አየ። ቆራጩ ጆሮው ላይ የሰካውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ እየፈለገ ነበር።

«ሙዚቃ የት ይሰማል» አለ ቆራጩ። «የሦስት ሳምንት ወሬ ተጠራቅሞብን።»