ፊርማ ለቃሚው ጎብኚ

ቅዳሜ ረፋድ በዝናብ የደረሰው ወጣት አባት እኔ የምሠራበትን ጥንታዊ የእንግሊዝ ግንብ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ሕፃን ልጁን ደረቱ ላይ አንግቶ፣ በረጠበ ስስ ጃኬቱ በቀጥታ እኔ ወደምይዘው የጎብኚዎች መዝገብ መጣ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የራሱን፣ የሚስቱንና የልጁን ሙሉ ስም ጽፎ ብዕሩን ዘረጋልኝ።

«እባክዎ፣ አጠገቡ ይፈርሙልኝ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀኝ ጎብኚ የለም። ከኋላው የቆመችው እንግሊዛዊት ሚስቱ ሳቀች።

«ባለፈው ሳምንት የባሕር ዳርቻውን አይስክሬም ሻጭ አስፈርሞታል! ሠርጋችን ላይ እንኳ ይህን ያህል ምስክር አልነበረም።»

«አንቺ ምን አለብሽ፤ ከዚህ አገር የሚያስወጡት እኔን ነው» አላት። ወደ እኔ ዞሮም፣ «የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጋብቻችሁ የእውነት መሆኑን አስረዱ ብሎናል፤ ገጹን ፎቶ አንሥቼ እልክላቸዋለሁ። ‹ደስተኛ ቤተሰብ› ብለው ቢጨምሩልኝስ?» አለ።

ግራ ገባኝ። ሽርሽሩ ለፍቅር ነው ወይስ ለማስረጃ? እኔና ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት አብረን ስንዞር አንድ ትኬት አላስቀመጥንም፤ መጋቢት ላይ ከቀበርኩት ወዲህ የት የት እንደሄድን እንኳ ይምታታብኛል። ቢሆንም ያላየሁትን አልመዘግብም።

እኔ ሳመነታ፣ ሚስቱ ብስኩት ለሁለት ሰብራ ግማሹን ለሕፃኗ ሰጠች። ሌላውን ወደ እሱ አስጠጋች። እሱ ዓይኑን ከብዕሬ ሳይነቅል አፉን ከፈተላት።

«አምስት ሰዓት ተኩል» ብዬ ጻፍኩ። «ሚስቱ ብስኩት ስታቀርብለት፣ ሳያያት አፉን ከፈተ።»

ከሥሩ ስሜንና የሥራ ድርሻዬን አስፍሬ ፈረምኩ።