እርጥብ ቅጠል

ጉንፋን ይዞኝ የልጅ ልጄ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስታፈላልኝ፣ ሽታው አንሥቶ እንጦጦ ሥር ከነበረችው ቤታችን ጣለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ታላቅ ወንድሜን ገድለውት፣ እናቴን እንዳታለቅስ ከልክለዋታል። እህል ሳትቀምስ ሦስት ቀን ድንጋይ ሆና ተቀመጠች። ሥጋችንን የማይበሉት፣ እኛም ሥጋቸውን የማንበላው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ወደ ተራራው ላኩኝ። ደረቅ ጭራሮ ተሸክሜ ብመለስ ተቆጡኝ።

«እርጥብ ቅጠል አይደል ያልኩሽ፣ አንቺ ልጅ! ለእናትሽ መውጫ ልሥራላት።»

የምን መውጫ እንደሆነ አልገባኝም። ተመልሼ እርጥቡን አመጣሁ። እሳቱ ላይ ቢጨምሩት ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ እናቴም ዓይኗን ይዛ ትንሰቀሰቅ ጀመር።

አብዮት ጠባቂው ሰምቶ መጣ። «ማነው የሚያለቅሰው?»

«ጭሱ ነው፣ ልጄ» አሉት እትዬ ዘይነባ። «ካላመንክ ግባና ቅመሰው።»

አንገቱን አስገባና እያሳለ ሄደ። እናቴ እስኪወጣላት አለቀሰች።

ዛሬ ሰው «የእኛ»፣ «የእነሱ» ሲባባል ስሰማ እትዬ ዘይነባ ይመጡብኛል። የተቀመጡት ጭሱ ከማይደርስበት ደጃፍ ላይ ነበር፤ ፊታቸው ግን ከእናቴ ይበልጥ ርሶ ነበር።